ካርዱ በማን እጅ ነው?

በያዝነው ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራቂ ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ከሚያቀርቧቸው ሥራዎች ብዙዎቹ በጃቫ ቋንቋ የተጻፉና በድረ ገጽ በኩል የሚሠሩ ናቸው። የተማሪ ምዝገባ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ የቤተ መጻሕፍት ውሰት፣ የዕቁብ ሒሳብ፤ የሌለ የለም። ሥራዎቹ በመምህራን ፊት ሲመረመሩ ተቀምጠን አይተናል። መርማሪዎቹ ስለ ገጹ ቀለም ይጠይቃሉ፤ ስለ ሥዕላዊ መግለጫው ቀስት ይጠይቃሉ፤ ሪፖርቱ ስንት ምዕራፍ እንዳለው ይጠይቃሉ። አንድ ጥያቄ ግን ሲጠየቅ አልሰማንም። ይኸውም፣ ሰውየው ከኮምፒዩተሩ ፊት ተነሥቶ ሲሄድ ፕሮግራሙ መሄዱን ያውቃልን? የሚል ነው።

ጥያቄው ለአንዳንዶች ተራ ይመስላቸው ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኮምፒዩተር በቦርሳው ይዞ በሚዞርበት አገር በርግጥ ተራ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን የምንሠራው ለዚያ አገር አይደለም። ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችውን ቡታጅራን እንውሰድ፤ አንዳንዶቻችን ያደግንባት ከተማ ስለሆነች አኗኗሯን እናውቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ውጤት በድረ ገጽ በሚገለጥበት ሰሞን፣ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ «በድረ ገጽ ተመዝገቡ» ባለ ጊዜ፣ ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደ ኢንተርኔት ቤትና ወደ ኮፒ ቤት ነው። በአንዲት ወንበር ላይ ጠዋት ተማሪ፣ ቀትር ላይ ነጋዴ፣ ከሰዓት በኋላ ከመስቃን ገጠር ልጁን አስከትሎ የመጣ አባት ይቀመጥባታል። ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ራሱ እንኳ አይጽፍም፤ የቤቱ ሠራተኛ «አባባ፣ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ» እያለች ትሞላለታለች። ዘመናዊ ስልክ በእጁ ያለውም ቢሆን፣ ረጅም ፎርም ለመሙላትና ማስረጃ ስካን አስደርጎ ለመላክ ወደዚያው ቤት መሄዱ አይቀርም።

እንግዲህ የእኛን ፕሮግራም የሚጠቀመው ሰው ይህ ነው። ይህን ሰው «መውጫውን ባለመጫንህ ጥፋቱ ያንተ ነው» ማለት በሕዝብ ገንዘብ ለተማረ ሰው የሚገባ መልስ አይመስለንም።

ለሌላ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ነገሩን በአጭሩ እናስረዳ። ብራውዘሩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ደንብ ትዝታ የለውም። ጥያቄ ይቀበላል፤ መልስ ይሰጣል፤ ወዲያው ይረሳል። ስለዚህ ሰርቨሩ እንደ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ይሠራል። በሽተኛ ሆስፒታል ሲሄድ በእጁ የሚይዘው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ነው፤ ታሪኩ የተጻፈበት ማኅደር ግን ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቁጥሯን ሲያሳይ ማኅደሩ ይወጣለታል። በጃቫም ቶምካትን የመሰለው ሰርቨር ለገባው ሰው አንድ ማኅደር ይከፍትለታል፤ ይህም ሴሽን ይባላል። የማኅደሩንም ቁጥር ኩኪ በሚባል ትንሽ ጽሑፍ ለብራውዘሩ ያስይዘዋል። ኩኪን የኔትስኬፕ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያወጣው ታስቦ የነበረው ገዢ በድረ ገጽ የመረጣቸውን ዕቃዎች ለማስታወስ ነበር፤ ዛሬ ግን የሰው ማንነት በእርሱ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ጊዜ የይለፍ ቃሉን የሰጠ ሰው ዳግመኛ አይጠየቅም። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ያሳየ ሁሉ ባለቤቱ ነው። ካርዷን መንገድ ላይ አንሥቶ የመጣውን ሰው ካርድ ክፍሉ ፊቱን አይቶ አይመልሰውም።

አሁን ወደ ቡታጅራዋ ወንበር እንመለስ። ተጠቃሚው ገጹን ከፍቶ ሳለ መብራት ይጠፋል። ጥቂት ይጠብቃል፤ ተስፋ ሲቆርጥ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። «ውጣ» የሚለውን እንዳይጫን ኮምፒዩተሩ ሞቷል። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መብራት ይመጣል፤ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ብራውዘሩም ባለፈው በደንብ እንዳልተዘጋ ዐውቆ «የቀድሞዎቹን ገጾች ልመልስን?» ብሎ ይጠይቃል። አዲሱ ሰው እሺ ይላል፤ ማን እምቢ ይላል? ብራውዘሩ ገጾቹን ሲመልስ ኩኪዎቹንም አብሮ ይመልሳል። ቶምካት ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ሥራ የፈታውን ሴሽን 30 ደቂቃ እስኪሞላው ድረስ ሕያው አድርጎ ያቆየዋል። ስለዚህ አዲሱ ሰው በፊተኛው ሰው ስም ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። የይለፍ ቃል የሰበረ ሌባ የለም፤ ሰርጎ ገብ የለም። «ብራውዘሩ ሲዘጋ የሴሽኑ ኩኪ ይጠፋል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ዐረፍተ ነገር መብራት በማይጠፋበት አገር የተጻፈ መሆን አለበት።

«ታዲያ ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ ማሳጠር ነዋ!» የሚሉ አሉ። በርግጥ ይህ ዌብ ኤክስኤምኤል በተባለው ፋይል ውስጥ አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። ነገር ግን አራት ገጽ ፎርም የሚሞላውን አባት አስቡት። ኔትዎርኩ ይንቀረፈፋል፤ የልጁ የትውልድ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ክርክር ይነሣል፤ ሠራተኛዋ ማስረጃውን ስካን ለማድረግ ትነሣለች። በስድስተኛው ደቂቃ «ቀጥል» ሲባል ፕሮግራሙ «እንደገና ይግቡ» ይላል፤ ሦስቱም ገጽ ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ክፍያው በሰዓት ነውና ሰውየው ለእኛ ስንፍና ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ጥንቃቄ ብሎ መጥራት አይቻልም።

የበሽታው ሥር ሌላ ቦታ ነው። ካየናቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ገና ተሞልቶ ያላለቀውን ፎርም ሴሽኑ ውስጥ ያከማቻሉ። አንደኛው ገጽ ሴሽን ውስጥ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሴሽን ውስጥ፤ ዳታቤዝ የሚደርሰው በመጨረሻው ገጽ «ላክ» ከተባለ በኋላ ነው። ሴሽኑ ሲሞት ሥራው አብሮ ይሞታል። መብራቱ የጠፋው በሰርቨሩ በኩል ከሆነማ የባሰ ነው። ቶምካት በሥርዓት ሲዘጋ ሴሽኖቹን በፋይል ጽፎ ሊያቆይ ይችላል፤ በድንገት ሲሞት ግን የመቶ ሰው ሥራ አብሮት ይቀበራል። በእኛ አስተያየት ማንነትና ሥራ ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው። ሴሽኑ የሰውየውን መለያ ቁጥርና የሥልጣኑን ደረጃ ብቻ ይያዝ፤ የተሞላው እያንዳንዱ ገጽ «ረቂቅ» የሚል ምልክት ተደርጎበት እዚያው በዚያው ዳታቤዝ ይግባ። እንዲህ ከሆነ ሴሽኑን ወደ 10 ደቂቃ ማሳጠር ማንንም አይበድልም። አባትየው ተመልሶ ሲገባ ሦስተኛውን ገጽ እንደተወው ያገኘዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ቢመጣም ያገኘዋል። በእርሱ ወንበር የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ምንም አያገኝም። በእነዚያ ዐሥር ደቂቃዎች ውስጥ ለሚደርሰው ደግሞ፣ ውጤት ከመለወጡ ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት የይለፍ ቃሉን ዳግመኛ መጠየቅ ነው።

ስለ «ውጣ» ቁልፍም ጥቂት እንበል። በብዙ ሥራዎች ላይ ይህ ቁልፍ የሚሠራው ወደ መግቢያው ገጽ መመለስን ብቻ ነው። ኢንቫሊዴት የሚባለው ትእዛዝ ስላልተጠራ ማኅደሩ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ትእዛዙን የጠሩትም ቢሆኑ አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ሲጫን ብራውዘሩ ያስቀረውን ቅጂ፣ ማለት የፊተኛውን ሰው ውጤት፣ ያሳየዋል። ለዚህ መድኀኒቱ በተጠበቁት ገጾች ሁሉ ላይ ቅጂ እንዳይያዝ የሚያዝ፣ ኖ ስቶር የሚባል አንድ መስመር ነው። ሰውየው ሲገባም ቀድሞ የነበረው የሴሽን ቁጥር መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩን አስቀድሞ የገለበጠ ወይም ራሱ ያዘጋጀ ሌላ ሰው ባለካርዱ ከገባ በኋላ ይከተለዋል። ለዚህም ቼንጅ ሴሽን አይዲ የሚል ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የሰርቭሌት 3.1 ደንብ ውስጥ ተጨምሯል። ቁጥሩ በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ጄሴሽንአይዲ ተብሎ እንዲጻፍ መፍቀድም ክልክል መሆን ይገባዋል። ተማሪ አድራሻውን ገልብጦ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ላይ ሲለጥፍ ካርዱን ለክፍሉ ሁሉ ማደሉ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ግን በምርመራ ቀን ፈጽሞ የማይታየው ስሕተት ነው። ሰርቭሌት የሚባለው የጃቫ ክላስ በሰርቨሩ ውስጥ የሚፈጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አምስት መቶ ሰው ቢመጣ አምስት መቶውንም የሚያስተናግደው ያው አንዱ ነው፤ በአንድ ጊዜም በብዙ ትሬድ ያስተናግዳቸዋል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የሰውየውን ስምና ውጤት ከሜተዱ ውጭ፣ በክላሱ ቫሪያብል ላይ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለው ሰርቭሌት ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ የሁሉን በሽተኛ የምርመራ ውጤት በዚያው ላይ እየጻፈና እየደመሰሰ እንደሚያነብ ሐኪም ነው። በሽተኞቹ አንድ በአንድ ከመጡ ጉዳት የለውም። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሲገቡ ግን ሐኪሙ የአንዷን ጽፎ ሳያነብላት የሌላው በላዩ ይጻፍበታል፤ እርሷም የሌላውን ሰው በሽታ ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በመመረቂያ ምርመራ ላይ አንድ ተማሪ በአንድ ላፕቶፕ ለአንድ ኮሚቴ ያሳያል። በዚያ ሁኔታ ሰሌዳው ዘላለም በትክክል ይሠራል። ብልሹነቱ የሚገለጠው በምዝገባ ቀን፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋፋ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሠሪው ዲግሪውን ይዞ ሄዷል።

አንዳንድ መምህራኖቻችን «ይህን ሁሉ ፍሬምወርክ ይሠራላችኋል፤ ስለምን ትደክማላችሁ?» ይሉናል። በአክብሮት እንመልሳለን። ስፕሪንግ ሴኩሪቲ በደንቡ ከተተከለ ሰው ሲገባ የሴሽኑን ቁጥር ይለውጣል፤ ሲወጣ ሴሽኑን ይገድላል፤ ኖ ስቶርንም ይጨምራል። ይህ እውነት ነው፤ እኛም በእጅ ከመጻፍ ይልቅ እርሱን መጠቀምን እንመርጣለን። ዳሩ ግን የስፕሪንግ ኮንትሮለርም እንደ ሰርቭሌቱ አንድ ብቻ ሆኖ የሚፈጠር ነውና ጥቁር ሰሌዳው እዚያም አለ። ፎርሙ በረቂቅ ይቀመጥ ወይስ በሴሽን፣ ጊዜው 10 ይሁን ወይስ 30 ደቂቃ፣ ይህን ፍሬምወርኩ አይወስንም። ፍሬምወርኩ ቡታጅራን አያውቃትም፤ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

ሌሎች ደግሞ «ሴሽን ያረጀ ነገር ነው፤ ዘመኑ የቶክን ነው» ይላሉ። ቶክን በፊርማ የታተመ የይለፍ ወረቀት ነው፤ ሰርቨሩ ማኅደር አያስቀምጥለትም፤ ፊርማውን አይቶ ብቻ ያሳልፋል። ሥራቸው በብዙ ሰርቨሮች ላይ ለተበተነ ታላላቅ ድርጅቶች ጥቅም አለው። ወረቀቱ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ መሻር አይቻልም። የተሻሩትን መዝግቤ እይዛለሁ ካሉ ደግሞ ሴሽኑ በኋላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ጓደኞቻችን ይህን ወረቀት የሚያስቀምጡት ብዙውን ጊዜ ሎካል ስቶሬጅ በተባለው የብራውዘር ክፍል ነው፤ እርሱም ብራውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት የማይጠፋ ነው። በኢንተርኔት ቤት ወንበር ላይ ይህን መተው የቤትን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። አንድ ሰርቨር ላላት ከተማና አንድ ሰርቨር ላለው ዩኒቨርሲቲ ያረጀው ሴሽን ይሻላል ብንል ኋላ ቀሮች ተብለን እንደማንወቀስ ተስፋ አለን። ብንወቀስም ግድ የለንም።

ኔትዎርክ ሲዘገይ ሰው «ላክ»ን ሁለት ሦስት ጊዜ መጫኑም የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ ሦስቱንም ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ይመዘግባል፤ ወይም ሦስት ጊዜ ያስከፍላል። ፎርሙ ከተቀመጠ በኋላ ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ገጽ ማሳለፍ፣ ለእያንዳንዱ ፎርም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር መስጠት፣ በመጨረሻም ዳታቤዙ ራሱ ድጋሚውን እምቢ እንዲል ማድረግ ይገባል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰው ችግር ብዙ ደንበኞች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ መቻላቸው፣ ባንኩም በኋላ ያለ አግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ማስታወቁ ይታወሳል። የዚያ ችግር ምክንያት ሴሽን ነበር አንልም፤ ባንኩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር አያይዞታል። ሆኖም በዚያ ሰሞን ስለ ተማሪው ሥነ ምግባር በየግቢው ብዙ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነበር። ፕሮግራም የሚጽፈው ተማሪ ስለሚሸከመው ኀላፊነት ግን ያን ያህል ሲነገር አልሰማንም።

ይህ የመመረቂያ ወረቀት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ አገሪቱ በምን ላይ እየቆመች እንደሆነ ይመልከት። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው የፋይዳ መታወቂያ ሞሲፕ በተባለው ሲስተም ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሞሲፕ በሕንድ አገር በባንጋሎር የተጀመረ፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነ፣ በጃቫ የተጻፈ ሥራ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከየጤና ድርጅቱ መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የጃቫ ፕሮግራም ነው። የቡታጅራ አካባቢ ገበሬዎች ዓለም በሚያውቀው የጤና ጥናት ውስጥ የውልደታቸውንና የሞታቸውን መረጃ ለአሠርት ዓመታት ለተመራማሪዎች ሲሰጡ ኖረዋል፤ መረጃ አምኖ መስጠት ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንደነዚህ ያሉትን ሲስተሞች ነገ የሚጠብቁትና የሚያስፋፉት ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚያገኙት ጓደኞቻችን ናቸው።

ስለዚህ ትምህርት ክፍሉን የምንጠይቀው አዲስ ኮርስ አይደለም። ከሚቀጥለው ምርመራ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሥራ 10 ደቂቃ ይጨመርልን። በእነዚያ ደቂቃዎች ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች በሁለት ኮምፒዩተር፣ በሁለት የተለያየ ስም፣ በአንድ ጊዜ ይግቡና አንዱ የሌላውን ስም ያይ እንደሆነ ይሞክሩ። አንዱ ይውጣና ሌላው በዚያው ወንበር ተቀምጦ የኋላ ቀስቱን ይጫን። ከዚያ ፎርሙ እኩል ላይ ሲደርስ የኮምፒዩተሩ ገመድ ይነቀል፤ ባትሪ የሌለው ኮምፒዩተር ለዚሁ ይመረጥ። ተመልሶ ሲበራ ምን እንደተረፈና ማን ገብቶ እንደተገኘ ይታይ። ውጤቱም ከገጹ ቀለም በፊት ነጥብ ይሰጠው።

እኛም በበኩላችን ባዶ እጃችንን አንመጣም። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ በማኅበር ገንዘብ እያዋጣ መንገድ ሲያሠራ እያንዳንዱ መንደር የራሱን መንገድ ለብቻው አልጀመረም፤ እኛ ግን በየዓመቱ መግቢያና መውጫውን እያንዳንዱ ቡድን ከዜሮ ይጽፈዋል። ብዙው ጊዜ ደግሞ ከአሮጌ ምሳሌ እየገለበጠ ነው፤ ጃቫክስ ይባል የነበረው የሰርቭሌት መጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ጃካርታ ተብሎ ስለተለወጠ፣ የተገለበጠው ምሳሌ በቶምካት 10 ላይ እምቢ ሲል ሁለት ሳምንት ይባክናል። በዚህ ክረምት ስድስት የምንሆን ተማሪዎች መግቢያውን፣ መውጫውን፣ ረቂቁንና የድጋሚ መከላከያውን የያዘ አንድ የጋራ መነሻ ሠርተን ለሁሉ ለመስጠት ተስማምተናል። የሚሞክርልን፣ የሚተቸን፣ በተለይም የሚሰብርልን እንፈልጋለን። የሙከራውን ቅጽ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይቻላል፤ መምህራንም ቢሆኑ ስማቸውን እዚያው መዝገብ ላይ ቢያኖሩልን ደስ ይለናል።